ፍጥነት ከወዴት ይመጣል? የፒክ ግርፍና ሌጋቶ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከቅኝቶቻችን አንጻር

በኤሌክትሪክ ጊታር ትምህርት ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸውና ብዙ ጊዜም ተስፋ የሚያስቆርጣቸው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ተማሪው ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ ይጀምራል፤ በየጥቂት ቀኑ አራት አራት ምት እየጨመረ ለወራት ይጓዛል፤ 110 ወይም 120 አካባቢ ሲደርስ ግን ይቆማል። ከዚያ በላይ ሲሞክር ክንዱ ይደነድናል፣ ፒኩ በክሮቹ መካከል ይያዛል፣ ሁለቱ እጆች ይለያያሉ። የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ታገሥ፣ ደጋግመህ ተለማመድ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ተማሪውን የሚያቆመው በአብዛኛው ከክር ወደ ክር የሚደረገው ሽግግር ነው የሚል ሲሆን፣ ሌጋቶም ከፒክ ግርፍ የሚያንስ አቋራጭ ሳይሆን የዚሁ ችግር አንዱ መፍትሔ እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክራል። በመጨረሻም ጉዳዩን ወደ ትዝታና አምባሰል ያመጣዋል፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን በጊታር አንገት ላይ የሚቀመጡበት መንገድ ባለ ሰባት ድምፅ ስኬል ከሚያስነሳው የተለየ የቴክኒክ ጥያቄ ያስነሳልና።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ። «ግርፍ» የሚለው እዚህ ላይ ከክራር አጨዋወት ተወስዶ ፒክ ክሩን አንድ ጊዜ መምታቱን ያመለክታል፤ ግርፉ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን እያፈራረቁ መምታት ተለዋጭ ግርፍ ይባላል። ሌጋቶ ደግሞ አንድ ኖታ በፒክ ከተመታ በኋላ ተከታዮቹን በግራ እጅ ጣቶች ብቻ ማውጣት ነው፤ ጣት ክሩ ላይ ሲወድቅ ሃመር ኦን፣ ክሩን ትንሽ ስቦ ሲለቅ ፑል ኦፍ ይባላል። ገለጻው በቀኝ እጁ የሚመታን ተጫዋች መነሻ ያደርጋል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ በእያንዳንዱ ምት አራት ኖታ ቢመታ በሰከንድ 8 ኖታ ይሆናል፤ በሁለት ኖታዎች መካከል ያለው ጊዜም 125 ሚሊሰከንድ ነው። በ160 ምት ወደ 94፣ በ200 ምት ወደ 75 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ሰው በዓይኑ ላየው ቀላል ምልክት በጣቱ ምላሽ ለመስጠት 200 ሚሊሰከንድ ያህል እንደሚያስፈልገው ስናስብ፣ ፈጣን ተጫዋች አንዱን ኖታ ሰምቶና ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ቀጣዩን ሊያዝ እንደማይችል ግልጽ ይሆናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ላሽሊ እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመ ጽሑፉ ይህንኑ ነጥብ ያነሳው የሙዚቀኛን ጣቶች ምሳሌ በማድረግ ነበር፤ በፍጥነት የሚከታተሉ እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸው የቀደመውን ስሜት እየጠበቁ የሚነሱ ሰንሰለት ሊሆኑ አይችሉም፤ ቅደም ተከተላቸው አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ ተሰናድቶ እንደ አንድ አሐድ መውጣት አለበት ሲል ተከራክሯል።

ይህ ለጊታር ተማሪ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በ60 ምት የሚለማመድ ሰው እያንዳንዱን ኖታ በተናጠል እያሰበ ሊመታ ይችላል፤ ጊዜ አለውና። በ160 ግን ያ አሠራር አይሠራም። ስለዚህ የዝግታው ልምምድ ጣቶቹን የኖታውን ቅደም ተከተል ያስተምራቸዋል እንጂ ፈጣኑን እንቅስቃሴ ራሱን አያስተምርም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል በሙዚቃ መምህራን ዘንድ የሚወደደው ለሜትሮኖሙ ትዕግሥት ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው እንቁላል እንደሆነ ቀርቶ አይደለም፤ ጫጩት ሆኖ ነው። ዝግተኛው ግርፍም እንደዚሁ ነው። በዝግታ ስንመታ ከክርን፣ ከጣት አንጓ፣ ከእጅ አንጓ በየተራ የሚነሱ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ተቀባይነት ያላቸው ይመስላሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን አብዛኞቹ ሊቀጥሉ የማይችሉ ሆነው ይገኛሉ። ተማሪው 120 ላይ የሚቆመው፣ ለወራት ያጠናከረው እንቅስቃሴ ከዚያ በላይ የማይሄድ በመሆኑ ሊሆን ይችላል።

የክር ሽግግር

ማንኛውም ተጫዋች ይህን በራሱ ላይ ሊፈትን ይችላል። በአንድ ክር ላይ አንድ ፍሬት ይዞ፣ ሳይጨነቅ፣ ለአሥር ሰከንድ ያህል በተቻለው ፍጥነት ተለዋጭ ግርፍ ይምታና ይቅረጸው፤ ከዚያ ይቁጠረው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት በስኬል ልምምድ ከደረሰበት ወሰን በግልጽ የሚበልጥ ነው። በስኬል 120 ላይ የቆመ ተማሪ በአንድ ክር ላይ በ150 ወይም በ160 ፍጥነት እጁን ሲያወዛውዝ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እጁ ፍጥነቱ አለው ማለት ነው። የጎደለው ያንን ፍጥነት ይዞ ወደ ሌላ ክር መሻገር ነው። በአንጻሩ በአንድ ክር ላይ የተገኘው ፍጥነት ራሱ ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ የእጅ እንቅስቃሴው ዓይነት ነውና፣ ከእጅ አንጓ መወዛወዝ፣ ከክንድ መዞርና ከክርን እንቅስቃሴ የትኛው እንደሚቀልለው መሞከር እንጂ የስኬል ልምምድ ማብዛት አይረዳውም።

ሽግግሩ ለምን ይከብዳል? በጊታሩ ድልድይ አካባቢ በሁለት ጎረቤት ክሮች መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ፒኩ ከክሮቹ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ታችና ወደ ላይ ቢመላለስ ጫፉ ሁልጊዜ በሁለት ክሮች መካከል እንደታሰረ ይቀራል፤ ለመውጣት ክሩን መዝለል አለበት፤ ያ ዝላይ ደግሞ ከግርፉ ምት ውጭ የሆነ ተጨማሪ እንቅስቃሴ ነው። የግርፉ መስመር ትንሽ ዘንበል ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። ዘንበልታው በአንድ በኩል ከሆነ ወደ ላይ የሚሄደው ግርፍ ሲያልቅ ፒኩ ከክሮቹ በላይ አየር ላይ ይገኛል፤ ወደ ታች የሚሄደው ሲያልቅ ግን በክሮች መካከል ይወድቃል። ዘንበልታው በተቃራኒው ከሆነ ነጻ የሚያወጣው የታች ግርፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ያለ ተጨማሪ ጥረት ክር ሊቀይር የሚችለው ከአንደኛው ዓይነት ግርፍ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ጉዳይ ለብዙኃኑ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጊታሪስት ትሮይ ግሬዲ ሲሆን፣ ካሜራ በጊታር ላይ በመግጠም የታዋቂ ተጫዋቾችን ቀኝ እጅ በዝግታ እንዲታይ አድርጓል።

ከዚህ ተነስተን ስንመለከት በአንድ ክር ላይ ስንት ኖታ እንደሚመታ ዋና ጥያቄ ይሆናል። በእያንዳንዱ ክር ሁለት ወይም አራት ኖታ ከተመታና ጅማሬው የታች ግርፍ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ክር የመጨረሻ ግርፍ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሲወጣም ሲወርድም። አንድ ዘንበልታ ለሁሉም ይበቃል። በእያንዳንዱ ክር ሦስት ኖታ ሲመታ ግን የመጀመሪያው ክር በታች ግርፍ፣ ሁለተኛው በላይ ግርፍ ያበቃል፤ ሽግግሩ በየተራው ስለሚለዋወጥ አንድ ዘንበልታ ግማሹን ጊዜ ያስራል። ሜጀር ስኬል በዘመናዊው የጊታር ትምህርት በእያንዳንዱ ክር ሦስት ሦስት ኖታ ሆኖ መሰጠቱ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተማሪዎች ፍጥነትን እንዲማሩ የሚሰጣቸው ለግራ እጅ የተመቸው፣ ለቀኝ እጅ ግን እጅግ አስቸጋሪው አቀማመጥ ነው።

ታላላቅ ተጫዋቾች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። አል ዲ ሜኦላ ተለዋጭ ግርፍን ሳያቋርጥ የሚይዝ ሲሆን፣ አውስትራሊያዊው ፍራንክ ጋምባሌ ደግሞ ፒኩ ወደ ቀጣዩ ክር በሚሄድበት አቅጣጫ ግርፉን እንዲቀጥል አድርጎ ሁለት ክሮችን በአንድ ጠረጋ ይመታል። ስዊድናዊው ኢንግቬ ማልምስቲን ሲወጣ ይህንኑ ጠረጋ፣ ሲወርድ ግን ሌላ ዘዴ ይጠቀማል፤ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ኖታ ያለበት ክር ላይ አንዱን በፑል ኦፍ በማውጣት የግርፎቹን ቁጥር ተጋማሽ ያደርገዋል። ይህ የመጨረሻው ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። ከፈጣን ፒክ ግርፍ ተምሳሌቶች አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ተጫዋች ፍጥነቱን ያገኘው አንዳንዱን ኖታ ባለመግረፍ ነው።

እግረ መንገድ፣ «እንቅስቃሴህን አሳንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ረጅም ርቀት የሚጓዝና ጠባብ ዒላማ የሚፈልግ እንቅስቃሴ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚወስድ ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው ሕግ ይታወቃል፤ ነገር ግን ማሳነሱ ጡንቻን በማጠንከር ከመጣ ፒኩ ይብሱን ይታሰራል። ዘንበልታው ከተስተካከለ ግርፉ በመጠኑ ሰፊ መሆኑ አይጎዳም።

ሌጋቶና አምፕሊፋየሩ

ሃመር ኦንና ፑል ኦፍ በኤሌክትሪክ ጊታር አልተፈጠሩም፤ በክላሲካል ጊታር ጥንትም ነበሩ። ሆኖም ያለ አምፕሊፋየር በጣት የወጣው ኖታ በግርፍ ከወጣው ይደክማል፤ የድምፁ ጉልበት ጣቱ ክሩ ላይ ከወደቀበት ፍጥነት ብቻ የሚገኝ ነውና። ኤሌክትሪክ ጊታር ይህን ለወጠው። ድምፁ ተጋፍቶ ወደ ኦቨርድራይቭ ሲገባ የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ጎላ ያለው ሲገታ ደካማው ይጠጋዋል። በዚህም ምክንያት በግርፍና በጣት በወጡ ኖታዎች መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ይጠብባል። ቀጫጭን ክሮችና ወደ ፍሬቱ የቀረበ የክር ከፍታም የራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። ኤዲ ቫን ሄለን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም የቀኝ እጅ ጣትንም በአንገቱ ላይ እያሳረፈ የሌጋቶን ወሰን ያሰፋው በዚሁ ድምፅ ላይ ተመርኩዞ ነው።

እንግሊዛዊው አላን ሆልድስወርዝ ግን ከዚህ የተለየ ዓላማ ነበረው። የእርሱ አርአያ የጆን ኮልትሬን ሳክስፎን ነበር። ሳክስፎን በአንድ እስትንፋስ ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጅማሬው ላይ የፒክ ጠቅታ የለውም። ሆልድስወርዝ ክሩን ወደ ጎን የሚስበውን ፑል ኦፍ ድምፁን ስለማይወደው በተቻለ መጠን እየራቀ፣ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሳና በአብዛኛው በሃመር ኦን ላይ ይመረኮዝ ነበር። ለእርሱ ሌጋቶ የተመረጠ የድምፅ ባሕርይ እንጂ የደካማ ቀኝ እጅ መሸሸጊያ አልነበረም።

የሥራ ክፍፍሉን በቁጥር እንየው። በ160 ምት በእያንዳንዱ ክር ሦስት ኖታ ሲመታ ሙሉ ተለዋጭ ግርፍ ከቀኝ እጅ በሰከንድ ወደ 11 የሚጠጋ ግርፍ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ክር የመጀመሪያውን ብቻ ገርፎ ሁለቱን በሌጋቶ ለሚያወጣ ሰው ግን 3.6 ያህል ብቻ ነው፤ ፒኩም ክር ለመቀየር የሁለት ኖታ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። የሽግግሩ ችግር በአንድ ጊዜ ይቀልላል።

ቅለቱ ግን ዋጋ አለው። ግርፍ ኖታውን ከምቱ ጋር ያስረዋል፤ ሌጋቶ ሲሆን ያ ገመድ ይላላል። ጀማሪዎች ሃመር ኦኑን ያፋጥኑታል፣ ፑል ኦፉን ያዘገዩታል፤ ሦስቱ ኖታዎች እኩል መሆናቸው ይቀርና የሚንከባለል ነገር ይሰማል። ኦቨርድራይቩ ይህን ጉድለት ስለሚሸፍን ሌጋቶ በጠራ ድምፅ መለማመድ ይኖርበታል፤ ተቀርጾ በግማሽ ፍጥነት ሲደመጥ እያንዳንዱ ኖታ የት እንደወደቀ ይታወቃል። ሁለተኛው ዋጋ ጫጫታ ነው። ከፍ ባለ ኦቨርድራይቭ ያልተነኩ ክሮችም ይጮኻሉ። ወፍራሞቹን የቀኝ መዳፍ ጠርዝ፣ ቀጫጭኖቹን የግራ እጅ አመልካች ጣት ሆድ ማፈን አለባቸው። ብዙ ተማሪ ጣቶቹ ደካማ ናቸው ብሎ የሚያስበው ይህን ማፈን ባለመማሩ ነው።

ልምምዱ እንዴት ይዋቀር

ከላይ ከተባለው የሚከተለው የልምምድ አሐዱ ኖታ ሳይሆን ሐረግ መሆን እንዳለበት ነው፤ ከምት ላይ ተነስቶ ምት ላይ የሚያርፍ፣ አምስት ወይም ዘጠኝ ኖታ ያለው፣ አንድ የክር ሽግግር የያዘ አጭር ሐረግ። ይህ ሐረግ አንድ ጊዜ በዝግታ ተጠንቶ ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ፣ ከሚመች ፍጥነት በላይ፣ ስሕተት ቢኖርበትም፣ ዘና ብሎ ይሞከራል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ሳይወርድ ይጠራል። ሜትሮኖሙ ቦታው አይጠፋም፤ ሥራው ግን ከመሰላልነት ወደ መመዘኛነት ይለወጣል። ሁለቱ እጆች እንዲገጥሙ ምት ላይ የሚወድቀውን ኖታ ብቻ ጎላ አድርጎ መምታት ይረዳል፤ ቀሪዎቹ ኖታዎች በዚያ ምሰሶ ዙሪያ ይሰባሰባሉ።

አንድን ሐረግ ለአንድ ሰዓት ከመደጋገም ሦስት አራት ሐረጎችን እያቀያየሩ መለማመድ በዕለቱ የከፋ፣ ከቀናት በኋላ ግን የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ የሺና የሞርጋን የ1979 ጥናት በሌሎች የእጅ እንቅስቃሴዎች ላይ አሳይቷል፤ ለጊታር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። በጣት ቅደም ተከተል ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንቅልፍ ራሱ የልምምዱ አካል መሆኑን አመልክተዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚለማመድ ተማሪ ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበዛል። ሕመምን በሚመለከት ደግሞ አቋሜ ጽኑ ነው። ድካም ተፈጥሯዊ ነው፤ በእጅ አንጓ ወይም በክርን ላይ የሚወጋ ሕመም፣ ወይም የጣት መደንዘዝ ግን ልምምዱ ወዲያው የሚቆምበት ምልክት ነው። «ታግሠህ እለፈው» የሚለው ምክር የሙዚቃ ሕይወትን ሊያሳጥር ይችላል።

ወደ ቅኝቶቻችን

ከሲ የሚነሳውን የትዝታ ሜጀር ቅኝት፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤን፣ በአምስተኛው ፍሬት አካባቢ ብናስቀምጠው በስድስቱም ክሮች ላይ ሁለት ሁለት ኖታ ይወድቃል። 6ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ክር ላይ 5ኛና 8ኛ ፍሬት፤ በቀሩት ሦስቱ ላይ 5ኛና 7ኛ ፍሬት። ከታች ግርፍ የተነሳ ተጫዋች እያንዳንዱን ክር በላይ ግርፍ ስለሚያጠናቅቅ አንድ ዘንበልታ ከላይ እስከ ታች ያደርሰዋል። አሜሪካዊው ኤሪክ ጆንሰን በፔንታቶኒክ ስኬል ላይ የሚያፈሳቸው ፈጣን ሐረጎች በዚሁ መሠረት የቆሙ ናቸው። ባለ ሦስት ኖታ ሜጀር ስኬል ላይ ለዓመታት የተቸገረ ተማሪ በትዝታ ላይ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ቢያይ ሊያስደንቀን አይገባም። የመጀመሪያ የፍጥነት ልምምዱ በራሱ ቅኝት ላይ ቢሆን የባህል ኩራት ብቻ አይደለም፤ ለእጅም ቀላሉ መንገድ ነው።

አምባሰል ሲሆን መልኩ ይለወጣል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ግማሽ ድምፅ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎም ሰፊ ዝላይ። በስምንተኛው ፍሬት አካባቢ 6ኛው ክር ላይ 8ኛና 9ኛ፣ 5ኛው ላይ 8ኛና 10ኛ፣ 4ኛውና 3ኛው ላይ 6ኛና 10ኛ፣ 2ኛውና 1ኛው ላይ እንደገና 8ኛና 9ኛ ፍሬት ይሆናል። እዚህም ሁለት ሁለት ኖታ ነው፤ የቀኝ እጅ ሒሳብ አልተለወጠም። የግራው ግን ተለውጧል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር በሆነ ጊታር ከ6ኛ እስከ 10ኛ ፍሬት ያለው ርቀት ወደ 9.4 ሴንቲሜትር ነው፤ በትዝታው ከ5ኛ እስከ 7ኛ ያለው 5.3 ብቻ ነበር። እንዲህ ተዘርግታ የምትወድቅ ትንሽ ጣት ጉልበት ያለው ሃመር ኦን ለማውጣት ትቸገራለች። ስለዚህ በሁለቱ መካከለኛ ክሮች ላይ ሁለቱንም ኖታ መግረፍ፣ ግማሽ ድምፅ ባለባቸው ክሮች ላይ ደግሞ አንዱን ገርፎ ሌላውን በሌጋቶ ማውጣት የሚሻል ይመስለኛል።

ይህ ክፍፍል ለቀኝ እጅም ይስማማል። ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ሲኬድ በ2ኛው ክር ላይ አንድ የታች ግርፍና ሃመር ኦን ቢደረግ፣ የታች ግርፉ ራሱ ፒኩን ወደ 1ኛው ክር ያደርሰዋል። ሲመለስ ግን 1ኛውና 2ኛው ክር ላይ እያንዳንዱን በላይ ግርፍ መምታትና በፑል ኦፍ ማስከተል ይገባል፤ ያኔ ፒኩ ነጻ ሆኖ ወደ ወፍራሞቹ ይሻገራል፤ ከ3ኛው ክር ጀምሮም የተለመደው ተለዋጭ ግርፍ ይቀጥላል።

የትኛው ኖታ ይገረፍ፣ የትኛው በጣት ይውጣ የሚለው ግን በእጅ ምቾት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ክራር ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ጅማሬ አለው። የማሲንቆ ተጫዋች ግን በአንድ የደጋን ጉዞ ውስጥ ብዙ ድምፆችን በጣቱ ያወጣል፤ ዋሽንትም በአንድ ትንፋሽ እንዲሁ ያደርጋል፤ ድምፃዊው ሲያንጎራጉርም እንደዚያው ነው። የአምባሰሉ ግማሽ ድምፅ እነዚህ ላይ የሚሰማው እየተንሸራተተ እንጂ እየተመታ አይደለም። ጊታሪስቱ ፍጥነቱን ለማሳየት ሲል ሲ እና ዲ ፍላትን ለየብቻ ሲገርፋቸው ዜማውን ከማሲንቆው ወስዶ ለክራሩ ይሰጠዋል። ያ የሚፈለግበት ቦታ አለ። የማይፈለግበት ቦታ ላይ ግን በ8ኛውና በ9ኛው ፍሬት መካከል የሚደረገው ሃመር ኦን፣ በሰከንድ ስንት ግርፍ መምታት ቢቻልም፣ ሌላ ምትክ የለውም።